ታላቅ ሰው ስለ ምን ይወድቃል? በጥንታውያን የትራጀዲ ቴአትሮች ስለሚታዩት ጠባይ፥ ግጭትና የሰው ጉድለት



ሰው ለመሣቅና ለመደሰት ወደ ቴአትር ቤት ቢሄድ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ገንዘቡን ከፍሎ፥ ሥራውን ትቶ፥ የሌላውን ሰው መከራ እያየ ለማልቀስ መሄዱ ነው። ይህም ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያ ዘመን የተጻፉት ታላላቅ የትራጀዲ ቴአትሮች እስከ ዛሬ ድረስ በየአገሩ በመድረክ ላይ ይታያሉ፥ በየትምህርት ቤቱም ይነበባሉ። እነዚህ ቴአትሮች የሚሰጡት ሐዘንን ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ሰው በገዛ ቤቱ ሐዘን አጥቶ አያውቅምና፥ ይህን ያህል ዘመን ባልቆዩ ነበር። የቆዩት ሰው ስለ ራሱ የሚማርባቸው አንድ ቁም ነገር ስላላቸው ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ ያን ቁም ነገር በተቻለኝ መጠን ለመግለጥ እሞክራለሁ።

አሳቤ በአጭሩ ይህ ነው። በትራጀዲ ውስጥ ታላቁ ሰው የሚወድቀው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሰው ሁሉ በሚያመሰግነው በዚያው ጠባዩ ነው። ጉድለቱና መልካምነቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ስለ ሆኑ እርሱ ራሱ ለይቶ ሊያያቸው አይችልም። የሚያይለት ሌላ ሰው ነው፤ እርሱ ግን ያን ሰው አይሰማም።

ትራጀዲ ምንድር ነው?

በተለምዶ አሳዛኝ ነገር ሁሉ ትራጀዲ ይባላል። መኪና ተገልብጦ ሰው ቢሞት ወይም ቤት ቢቃጠል በዚሁ ስም እንጠራዋለን። በቴአትር ትምህርት ግን ቃሉ ከዚህ የጠበበ ትርጉም አለው። በድንገት የሚመጣ አደጋ ያሳዝናል እንጂ ትራጀዲ አይሆንም፤ አደጋው ከሰውዬው ጠባይና ምርጫ ጋር ግንኙነት የለውምና። ትራጀዲ የሚባለው የሰውዬው መከራ ከራሱ አሳብ፥ ከራሱ ቃልና ከራሱ ሥራ እንደ ፈትል እየተመዘዘ ሲመጣ ነው።

ይህ ዐይነት ቴአትር ያደገው በግሪክ አገር በአቴና ከተማ ነው። በየዓመቱ በጸደይ ዲዮኒሶስ ለሚባለው አምላካቸው በሚያደርጉት በዓል ሦስት የትራጀዲ ደራሲዎች ይወዳደሩ ነበር። ሕዝቡም በአክሮፖሊስ ኮረብታ ሥር፥ ከላዩ ጣራ በሌለው ቴአትር፥ በቁልቁለቱ ላይ ተቀምጦ ይመለከታል። ተዋናዮቹ ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ ፊታቸውንም በጭንብል ሸፍነው የሴቶቹንም ቦታ የሚጫወቱት እነርሱ ነበሩ። ከተዋናዮቹ ሌላ የዘማሪዎች ጓድ አለ። ይህ ጓድ ከዚህ ቀጥሎ በምናያቸው በሁለቱ የግሪክ ቴአትሮች የአገር ሽማግሌዎችን ቦታ ይዞ ነገሩን ይመለከታል፥ ይፈራል፥ ያዝናል፥ ይመክራልም። ግድያው ብዙውን ጊዜ በተመልካች ፊት አይፈጸምም፤ መልእክተኛ መጥቶ የሆነውን ይናገራል።

ከደራሲዎቹ አንዱ ሶፎክልስ ነው። እርሱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ496 ዓመት ገደማ ተወልዶ በ406 ዓመት ሞተ። ከ120 የሚበልጡ ቴአትሮች እንደ ጻፈ ይነገራል፤ ሙሉ ሆነው ለእኛ የደረሱት ግን 7 ብቻ ናቸው።

ከሶፎክልስ በኋላ የተነሣው ፈላስፋ አርስቶትል (ከክርስቶስ ልደት በፊት 384–322) ስለ ግጥም ጥበብ በጻፈው መጽሐፉ ትራጀዲን መርምሮ ሕጉን ገለጠ። እርሱ እንደሚለው ትራጀዲ በተመልካች ልብ ውስጥ ርኅራኄንና ፍርሃትን ማነሣሣት አለበት። የምንራራው መከራው ለማይገባው ሰው ነው፤ የምንፈራውም መከራው እኛን በሚመስል ሰው ላይ ሲደርስ ስናይ ነው። ስለዚህ የትራጀዲ ዋና ሰው ፍጹም ጻድቅ መሆን የለበትም፤ ጻድቅ ያለ በደሉ ሲጠፋ ማየት ያስቀይማል እንጂ አያስተምርምና። ፍጹም ክፉም መሆን የለበትም፤ ክፉ ሰው ቢወድቅ ማንም አያለቅስለትም። በሁለቱ መካከል የቆመ፥ ነገር ግን አንድ ስሕተት ያለበት ሰው መሆን አለበት።

ይህን ስሕተት አርስቶትል «ሐማርትያ» ይለዋል። ቃሉ የወጣው ቀስተኛ ዒላማውን ሲስት ከሚነገረው የግሪክ ግሥ ነው። ይህ ምሳሌ ብዙ ያስረዳል። ዒላማውን የሳተ ቀስተኛ ለመምታት ያልፈለገ ሰው አይደለም። ክንዱም ደካማ ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም ክንዱ በበረታ መጠን የሳተው ፍላጻ አርቆ ይሄዳል።

ኤዲፐስ፥ መጠየቅ የማይታክተው ንጉሥ

ኤዲፐስ የቴብስ ከተማ ንጉሥ ነው። ስፊንክስ የተባለችው አውሬ ከተማይቱን ባስጨነቀች ጊዜ ሌላው ሰው ሁሉ ያቃተውን እንቆቅልሽ ፈትቶ ሕዝቡን አዳነ፤ ስለዚህም ነገሠ። ቴአትሩ ሲጀመር በከተማይቱ ቸነፈር ገብቷል። ከዴልፊ የመጣው መልስ የቀድሞውን ንጉሥ የላዮስን ገዳይ ፈልጋችሁ አውጡ የሚል ነው። ኤዲፐስም ገዳዩን አድኖ ለማውጣት በሕዝብ ፊት ቃል ይገባል፤ ማንም ይሁን ማን ብሎ ይረግመዋል።

የአቴና ተመልካች ታሪኩን አስቀድሞ ያውቀዋል። ገዳዩ ራሱ ኤዲፐስ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ሦስት መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተጣልቶ ገድሎታል፤ ያ ሽማግሌ አባቱ መሆኑን አላወቀም። ያገባት ንግሥት ዮካስታም እናቱ መሆኗን አላወቀም። እንግዲህ ንጉሡ የሚናገረው ሁሉ ለተመልካቹ ሰምና ወርቅ ይሆንበታል። ሰሙ ያልታወቀውን ነፍሰ ገዳይ ይረግማል፤ ወርቁ ተናጋሪውን ይረግማል። ቅኔው ያልተፈታለት ለተቀኘው ለራሱ ብቻ ነው።

አሁን የኤዲፐስን ጠባይ እናስተውል። አእምሮው ፈጣን ነው፤ አንድን ጥያቄ ከጀመረ ሳይፈታ አያድርም። እንቆቅልሹን የፈታውና ከተማይቱን ያዳነው በዚህ ጠባዩ ነው። የሚጠፋውም በዚሁ ነው። ዐይነ ስውሩ ነቢይ ጢሬስያስ «ተወኝ፥ ወደ ቤቴ ልሂድ» እያለ ሲለምነው ንጉሡ ይቆጣል፤ ከክሬዎን ጋር ዙፋኔን ልትሰርቁ ተማክራችኋል ብሎ ይከስሰዋል። ነገሩ ቀድሞ የገባት ዮካስታ ምርመራውን እንዲተው ትለምነዋለች፤ አይሰማትም። በመጨረሻ የሚጠየቀው ሽማግሌ እረኛም እንዲተወው ይለምነዋል፤ እርሱንም አይሰማውም።

አንዳንድ ጓደኞቼ ትንቢቱ አስቀድሞ የተነገረ ከሆነ ኤዲፐስ ምን ጥፋት አለበት ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚገባ ነው። ነገር ግን አባቱን መግደሉና እናቱን ማግባቱ ቴአትሩ ከመጀመሩ ብዙ ዓመት በፊት፥ ባለማወቅ የተደረገ ነው። በመድረክ ላይ በዐይናችን የምናየው የአንድ ቀን ሥራ ግን ሁሉም ምርጫው ነው። የዴልፊን መልስ በጓዳ ሳይሆን በሕዝብ ፊት እንዲነገር ያዘዘ እርሱ ነው። የረገመ፥ የተቆጣ፥ ያስፈራራም እርሱ ነው። እነዚህን ማንም ትንቢት አላዘዘውም። መጨረሻ ላይ የገዛ ዐይኖቹን ካጠፋ በኋላ መከራውን አምላክ እንዳመጣበት፥ ዐይኖቹን የወጋው እጅ ግን የራሱ እንደ ሆነ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ነገሩ ቀላል አይደለም። ኤዲፐስ የዮካስታን ልመና ሰምቶ ምርመራውን ቢያቆም ኖሮ ቸነፈሩ ሕዝቡን በፈጀ ነበር። ስለዚህ እውነትን መፈለጉ ጉድለት ነው ማለት አንችልም። ጉድለቱ እርሱ ካልፈታው በቀር የሚፈታ፥ እርሱ ካላየ በቀር የሚያይ ሰው ያለ አለመምሰሉ ነው። ዐይን ያለው ንጉሥ ዐይን የሌለውን ነቢይ በዕውርነቱ ይሰድበዋል፤ በዚያ ሰዓት እውነቱን የሚያየው ግን ዕውሩ ነው።

አንቲጎኔና ክሬዎን፥ ሁለት እውነት ሲጋጩ

ሶፎክልስ «አንቲጎኔ» የተባለውን ቴአትር ያሳየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ እንደ ሆነ ይታሰባል። የኤዲፐስ ሁለት ወንዶች ልጆች ስለ መንግሥት ተዋግተው እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ። ኤቴዎክሌስ ከተማውን ሲጠብቅ ሞተ፤ ፖሊኔይኬስ የባዕድ ጦር አምጥቶ ከተማውን ሲወጋ ሞተ። አጎታቸው ክሬዎን ነገሠና ፊተኛው በክብር እንዲቀበር፥ ሁለተኛው ግን ሳይቀበር የውሻና የአሞራ ሲሳይ እንዲሆን ዐወጀ። እኅታቸው አንቲጎኔ ዐዋጁን ተላልፋ የወንድሟን ሬሳ አፈር አለበሰች።

ቀብር ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ሆነ ዕድር ባለበት ሰፈር ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጠላት እንኳ ቢሆን ሬሳ ሜዳ ላይ አይተውም። ስለዚህ በመጀመሪያ ሲያነቡት ልብ ሁሉ ወደ አንቲጎኔ ያዘነብላል። ክሬዎንም ግን ያለ ምክንያት አልተናገረም። አገሪቱ ከእርስ በርስ ጦርነት መውጣቷ ነው። አገሩን የጠበቀና አገሩን የወጋ እኩል ክብር ካገኙ ነገ ማን ለአገሩ ይሞታል? አንቲጎኔ ደግሞ የእኅቱ ልጅ፥ የልጁም እጮኛ ናት። ሕግ በባዕድ ላይ ጠንክሮ በዘመድ ላይ ከላላ ሕግ መባሉ ይቀራል።

በክፍላችን ይህን ቴአትር ባነበብን ጊዜ ተማሪው ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። አንዱ ወገን «ሕግ ሕግ ነው» ይላል፤ ሌላው ወገን «ከንጉሥ በላይ ሕግ አለ» ይላል። ደወል ተደውሎም ክርክሩ አላለቀም፤ እስከ ምግብ ቤት ድረስ ተከተለን። ከዚህ አንድ ነገር ተረዳሁ። የትራጀዲ ግጭት ትክክለኛ ሰው ከተሳሳተ ሰው ጋር የሚያደርገው ጠብ ብቻ አይደለም። እንዲያ ቢሆን ፍርዱ ቀላል በሆነ ነበር። ሄግል የተባለው የጀርመን ፈላስፋ (1770–1831) ስለዚህ ቴአትር እንደ ተናገረው፥ የሚጋጩት ሁለቱም ተገቢ የሆኑ ነገሮች ናቸው፤ እያንዳንዱም የሚጠፋው የራሱን ብቻ ይዞ የሌላውን አላይም በማለቱ ነው።

ክሬዎንን የጣለው ዐዋጁ ብቻ አይደለም፤ ከዐዋጁ በኋላ መመለስ አለመቻሉ ነው። ልጁ ሔሞን መጥቶ በአክብሮት ይመክረዋል። ጐርፍ ሲመጣ ጐንበስ የሚሉት ዛፎች ቅርንጫፋቸውን ያድናሉ፥ የሚገትሩት ግን ከነሥራቸው ይነቀላሉ ይለዋል። ክሬዎን ግን በእርሱ ዕድሜ ያለ ሰው ከወጣት ሊማር እንደማይገባ ይመልስለታል። ሔሞንም ዕድሜዬን ሳይሆን የምናገረውን ተመልከት ይላል። ክሬዎን ልጁ በሴት ተሸንፎ የሚናገር መሰለው። ጽናት የሚለው ነገር ልቡን እንደ ግንብ ዘግቶት ነበር።

ከዚያም ጢሬስያስ መጥቶ ሲያስጠነቅቀው ክሬዎን ይደነግጣል፤ ሽማግሌዎቹንም ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቃል። እነርሱ አስቀድመህ ልጂቱን ከተዘጋችበት ዋሻ አውጣ፥ ሬሳውንም ቅበር ይሉታል። እርሱ ግን በመጀመሪያ ሬሳውን ሊቀብር ሄደ። ሬሳውን አጥቦ፥ አቃጥሎ፥ ዐፈር ከምሮ ወደ ዋሻው ሲደርስ አንቲጎኔ ታንቃ ሞታለች። ሔሞን በአባቱ ላይ ሰይፍ መዘዘ፥ ሳተውም፤ ከዚያ ሰይፉን በራሱ ላይ አዞረ። የሔሞን እናትም ይህን ሰምታ ባሏን እየረገመች ራሷን ገደለች። ክሬዎን ምክሩን ተቀብሎ ነበር፤ የተቀበለው ግን ዘግይቶና ቅደም ተከተሉን አፍርሶ ነው።

አንቲጎኔም ከዚህ ጉድለት ነጻ አይደለችም። እኅቷ ኢስሜኔ አብሬሽ ልሙት ብላ ስትመጣ በቁጣ ትመልሳታለች። በዋሻው ውስጥም ጥቂት ብትታገሥ ኖሮ መዝጊያው ሊከፈትላት ነበር። ሁለቱም ከአንድ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህም ነው ሲጋጩ የተሰበሩት።

ግጭቱ ወደ ልብ ሲገባ

ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ በእንግሊዝ አገር የተነሣው ሼክስፒር (እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር 1564–1616) ግጭቱን ይበልጥ ወደ ሰው ልብ አስገባው። ከሥራዎቹ ኦቴሎን፥ ማክቤዝንና ሐምሌትን ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ስለ መለሷቸው በእኛም አገር በደንብ ይታወቃሉ።

ኦቴሎ የቬኒስ የጦር መሪ ነው። በጦር ሜዳ ያስከበረው ቶሎ መቊረጡና ባልደረባውን ማመኑ ነው። ጦር ሜዳ ላይ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ቆሞ የሚያመነታ መሪ ሠራዊቱን ያስፈጃል። ያገሬም ሰው ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል። ኢያጎ በሹመት ተቀየመና ሚስትህ ዴዝዴሞና ከካሲዮ ጋር ወዳጅነት አላት ብሎ ሹክ ባለው ጊዜ ኦቴሎ ቤቱን እንደ ጦር ሜዳ ቈጠረው። አንድ መሐረብ እንደ ማስረጃ በቃው። የሚገርመው የሚመሰክርላት ሰው አለመጥፋቱ ነው። የኢያጎ ሚስት ኤሚልያ ዴዝዴሞና ንጽሕት መሆኗን ጊዜ ሳያልፍ በነፍሷ ምላ ነገረችው። እርሱ ግን ሐሰተኛውን ታማኝ፥ እውነተኛዋን ውሸታም አደረጋቸው።

ማክቤዝ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ እርሱ እያወቀ የሚበድል ሰው ነውና። ጠንቋዮቹ ትነግሣለህ ባሉት ጊዜ ጓደኛው ባንኮ፥ የጨለማ ኃይሎች ሊያጠፉን ሲሹ በትንሽ እውነት ያባብሉናል ብሎ አስጠንቅቆታል። ከዚህም በላይ ንጉሥ ዱንካንን ከመግደሉ በፊት ማክቤዝ ለራሱ ይመክራል። ንጉሡ ዘመዴ ነው፥ ጌታዬ ነው፥ በቤቴ ያደረ እንግዳዬ ነው፥ ደግሞም ደግ ንጉሥ ነው እያለ አንድ በአንድ ይቈጥራል። የሚገፋኝ የሹመት ምኞት ብቻ ነው ብሎም ያምናል። ከዚህ የተሻለ ምክር ከየት ይመጣል? ሆኖም ሚስቱ ወንድነቱን ስትጠራጠርበት ያን ሁሉ ምክር ጣለው። በጦርነት ያስመሰገነው ድፍረት በዚያች ሌሊት ነፍሰ ገዳይ አደረገው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

እነዚህን አራት ቴአትሮች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው አንድ ነገር ይታየናል። መከራው ሳይነገር የመጣበት ማንም የለም። ለኤዲፐስ ጢሬስያስ ነበረለት፤ ለክሬዎን ልጁ ሔሞን፤ ለኦቴሎ ኤሚልያ፤ ለማክቤዝ ባንኮና የገዛ ኅሊናው። የእኛ አባቶች «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚሉት ተረት የሶፎክልስን ቴአትር እንዳየ ሰው ያስቈጥራቸዋል።

ታዲያ ብልህ ሰዎች ሆነው ሳለ ስለ ምን አልሰሙም? መልሱ ጉድለት ከውስጥ ሲታይ ጉድለት አለመምሰሉ ነው። ክሬዎን ግትርነቱን ጽናት ይለዋል። ኤዲፐስ ቁጣውን ለሕዝብ መቆርቆር ይለዋል። ኦቴሎ ቅንዓቱን ፍርድ ይለዋል። ማክቤዝ እንኳ ግድያውን ወንድነት ሊለው ይሞክራል። ሰው መጥፎ ስም ያለውን ነገር ይሸሻል፤ መልካም ስም የለበሰውን ግን አቅፎ ይይዘዋል።

ምናልባት አንባቢ «እነዚህ ነገሥታትና የጦር አለቆች ናቸው፤ ለተማሪ ምን ይፈይዳል?» ይል ይሆናል። እኔ ግን ይመለከተናል እላለሁ። እኛ ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወጣ ተማሪዎች እያንዳንዳችን የምንመሰገንበት ነገር ይዘን እንወጣለን። አንዱ ፈጣን ነው ተብሏል፤ አንዱ ቃሉን የማያጥፍ ነው ተብሏል፤ አንዷ ሰው የምታምን ቅን ልጅ ናት ተብላለች፤ አንዱ ደፋር ነው ተብሏል። ፈጣኑ ሰው ሳያስጨርስ ይመልሳል፤ ቃሉን የማያጥፈው ይቅርታ መጠየቅ ይከብደዋል፤ ቅኗ ለአታላይ ትመቻለች፤ ደፋሩ ያላሰበውን ይጀምራል። በሰርተፊኬታችን ላይ የሚጻፈው የምስጋናው ፊት ብቻ ነው፤ ጀርባውን የሚነግረን ወዳጅ ነው።

ለወላጆችና ለመምህራንም በአክብሮት አንድ ነገር ላሳስብ። ይህን የምለው ወጣት በመሆኔ ለወጣት ለማድላት አይደለም፤ አንቲጎኔም ወጣት ሆና የእኅቷን ቃል አልሰማችም። ነገር ግን በቴብስ ከተማ በዚያ ቀን ትክክለኛው ምክር በልጅ አፍ መጥቶ ነበር። ሔሞን አባቱን አልሰደበም፥ አልናቀውም፤ ስለ ወደደው ነገረው። አባት የልጁን ዕድሜ መዝኖ ምክሩን ሳይመዝነው ቀረ።

ትራጀዲን አይቶ የሚያለቅስ ሰው ለኤዲፐስ ወይም ለክሬዎን ብቻ አያለቅስም። እነርሱ በሞትና በዕውርነት የገዙትን ትምህርት እርሱ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ፥ ማንም ሳይሞትበት ያገኘዋል። ክሬዎንም በመጨረሻ ምክር መስማትን ተምሯል፤ በተማረ ጊዜ ግን የሚመክረው ልጅ አልነበረውም። የእኛ መካሪዎች ገና በአጠገባችን አሉ።